አሳምኛን በጓዳ በር መግባት

ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ትርፍ ቤት የተከራዩት ባልና ሚስት ህንዶች ናቸው ስል ሰው ሁሉ "ሂንዲ ለመድክ በለኛ!" ይለኛል። ሂንዲ አይደለም ጎበዝ። ሰዎቹ ከአሳም ናቸው፣ ሰሜን ምስራቅ ህንድ ጥግ ላይ ያለ፣ ብራህማፑትራ ወንዝ መሀሉን ሰንጥቆት የሚያልፍ የሻይ ቅጠል አገር። ባልየው ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የሚሰራው፣ እሷ ደግሞ ዓሳ ስለምትወድና ሀዋሳ ደግሞ ዓሳ ስለሆነች አሞራ ገደል ይዣት እየሄድኩ እየመጣሁ ቋንቋው በዛው ተጋባብኝ። አሁን ገዝተን አብስለን በልተን እስክንነሳ ድረስ በአሳምኛ እንግባባለን፣ ከምግብ ውጪ ግን አታናግሩኝ።

መጀመሪያ ቃል ከመሸምደዳችሁ በፊት አጻጻፋችሁን አስተካክሉ። እኔ የጀመርኩት ከኢንተርኔት ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ ዝርዝር ገልብጬ ነው፣ ጎመንና ሌላም ቅጠላ ቅጠል ለመሳሰለው የሚሉት ቃል በኤክስ ይጀምራል፣ እኔም ኮራ ብዬ "ክሳክ" ስላት ባይዴው የያዘችውን ማንኪያ ጥላ ሳቀች (ባይዴው ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እኛ እትዬ እንደምንለው፣ እሷም ብሃይቲ ትለኛለች፣ ታናሽ ወንድም)። ለካስ ድምጹ የኛው ኸ ነው፣ ኻክ። እንግሊዝኛ ስለሌለው ነው ኤክስ የሚያደርጉት። የቋንቋውን ስም ራሳቸው ኦኸሚያ፣ አገሩን ደግሞ ኦኸም ነው የሚሉት፣ በላቲን ተጽፎ ሳየው መጀመሪያ አክሱም መስሎኝ ነበር እኮ። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ በፊደል ጻፉት፣ ስጋ ማንግኾ፣ ጎመን ኻክ፣ አለቀ።

ሁለት ነገር ጨምሩበት። ሂንዲ ቸ የሚለውን እነሱ ሰ ያደርጉታል፣ ስለዚህ ሻይ ሳህ ነው። ጀ የሚለውን ደግሞ ዘ ያደርጉታል፣ ሽንኩርት ፒያዝ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ የመሳሰለው ሁሉ ዞሎኪያ። ያቺ በ2007 እ.ኤ.አ. በጊነስ የዓለም አንደኛ የሚያቃጥል ተብላ የተመዘገበችው ብሁት ጆሎኪያ የምትባለው እኮ የነሱ ናት፣ እነሱ ግን ብሁት ዞሎኪያ ነው የሚሏት። በትንፋሽ የሚወጡ ድምጾችም አሏቸው፣ ብሃ፣ ክሃ፣ ድሃ፣ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ እኛ ምላሳችን ጠ እና ቀ ስለለመደ ወደዛ ይሄድብናል። ክሃ ማለት ከ ብላችሁ ትንፋሽ መልቀቅ ነው እንጂ ቃ አይደለም፣ ኻም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። ስም ብቻ መሸምደድ ምንም አይጠቅምም፣ ሶስት አራት ቃል አስቀድሙ፣ ስሙ ከዛ በኋላ ራሱ ይጣበቅበታል። አሴ ማለት አለ፣ ናይ ማለት የለም፣ ላጌ ማለት ያስፈልጋል፣ ኔ ደግሞ የኛ "ወይ"። የቃላቱ አቀማመጥ የኛው ነው፣ ዓሳ ማስ ነው እንበል፣ "ማስ አሴ ኔ?" ስትሉ ቃል በቃል "ዓሳ አለ ወይ?" ነው። መልሱ "አሴ" ወይ "ናይ"። "ሞክ ፓኒ ላጌ" ውሃ ያስፈልገኛል፣ "ናላጌ" አያስፈልግም። ራበኝና ጠማኝም እንደኛ ነው፣ ሰውየው አይደለም የሚርበው፣ ረሃቡ ነው የሚይዘው፣ "ሞር ብሆክ ላጊሴ" ራበኝ፣ "ሞር ፒያህ ላጊሴ" ጠማኝ። ሂንዲ የሚማሩ ጓደኞቼ ቁሱ ሁሉ ወንዴና ሴቴ ሆኖባቸው ሲሰቃዩ አያለሁ፣ እዚህ ያ ጣጣ የለም።

አንድ የሚያደናግር ነገር፣ መብላትም መጠጣትም አንድ ግስ ነው። ሻይም ይበላል ውሃም ይበላል። "ሳህ ክሃቦ ኔ?" ካሏችሁ ሻይ ይጠጣሉ ወይ ነው፣ በአክብሮት። ለእኩያ ከሆነ "ክሃባ ኔ?" ይሆናል፣ አንተና እርስዎ እነሱም ጋ አለና ትልቅ ሰው ላይ አትሳሳቱ።

ሩዝ ደግሞ ለብቻው ይታይ። እኛ ጥሬውንም የበሰለውንም ሩዝ ብለን ገላገልነው፣ እነሱ እርሻ ላይ ያለው ድሃን፣ የተፈተገው ሳውል፣ የበሰለው ብሃት። ጤፍና እንጀራ በሉት። እንደውም "ብሃት ክሃላ ኔ?" ሲሉ ሩዝ በላህ ወይ ማለት ሳይሆን ምግብ በላህ ወይ ነው፣ ልክ እኛ እንጀራ ቀምሰሃል ወይ እንደምንለው። ፓስታ በልቼም "ክሃሎ" እላለሁ፣ በላሁ።

ፓስታ ካልኩ አይቀር። አንድ ቀን ወደ ሱቅ ስወጣ "ፓስታ ኮኒ" አለችኝ፣ እኔ ፓስታውን ሰምቼ ኮኒን የፓስታ ዓይነት አድርጌው አንድ እሽግ ይዤላት መጣሁ። ለካ ፓስ አምስት ነው፣ እቃ ሲቆጠር ደግሞ ቁጥሩ ላይ "ታ" ይጨመራል፣ ኤታ አንድ፣ ዱታ ሁለት፣ ቲኒታ ሶስት፣ ሳሪታ አራት፣ ፓስታ አምስት። ኮኒ እንቁላል። አምስት እንቁላል ነበር የፈለገችው። ከዛን ቀን በኋላ ይህን ቁጥር ረስቼው አላውቅም፣ እናንተም አትረሱትም።

እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ፈልጉ፣ ከመሸምደድ ይሻላል። ስኳር ሴኒ ነው፣ ሲኒ ውስጥ ሴኒ ጨምሩ። ድንች አሉ ነው፣ "ድንች ተወደደ አሉ" ብላችሁ ያዙት። አናናስ አናሮስ፣ ዘይት ቴል። የማይገጥሙትን ግን የቅመም ብልቃጡ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ እኛ ማድቤት አሁን ጨው ላይ ኒሞክህ፣ እርድ ላይ ሃሎድሂ፣ ዝንጅብል ላይ አዳ፣ ነጭ ሽንኩርት ላይ ኖሆሩ ተለጥፎ እናቴ ሳትፈልግ ሁሉንም ለምዳዋለች። ወተት ጋክሂር ነው፣ ምስር ዳይል፣ ሙዝ ኮል።

ጣዕሙን ግን በአፍ እንጂ በወረቀት አትለምዱትም። ቴንጋ ጎምዛዛ፣ ቲታ መራራ፣ ሚትሃ ጣፋጭ፣ ዞላ የሚያቃጥል። አንድ ምግብ ስሩና ቃላቱን እየጠራችሁ አብስሉ፣ እኔ የምመክረው ማሶር ቴንጋ ነው፣ የዓሳ ጎምዛዛ ወጥ። ቆሮሶ ግዙ፣ ቆራርጡት፣ ሃሎድሂና ኒሞክህ ቀቡት፣ ቴል ውስጥ ጠበስ አድርጋችሁ አውጡት (እነሱ የሰናፍጭ ዘይት ነው የሚጠቀሙት፣ ከሌለ ያላችሁን)። እዛው ዘይት ላይ ቢላሂ፣ ማለትም ቲማቲም፣ እስኪፈርስ አቁላሉ፣ ፓኒ ጨምሩ፣ ሲፈላ ዓሳውን መልሱ፣ ስታወርዱ ኔሙ፣ ሎሚ ጭመቁበት። በብሃት ይበላል። በርበሬ የለውም ብላችሁ አትናቁት፣ መረቁ ቀጭን ነው ግን ያነቃል። ድፎ ዳቦ በኮባ ለለመደ ደግሞ ፓቶት ዲያ ማስ አለ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል ዓሳ፣ ስሙም ቅጠል ውስጥ የገባ ዓሳ ማለት ነው።

አንድ የማይተረጎም ቃል ክሃር ነው። የደረቀ የሙዝ ልጣጭ አቃጥለው አመዱን በውሃ ያጠሉትና ያንን ውሃ ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል፣ ማዕድ ሲጀመር ክሃር ሲያልቅ ቴንጋ ነው ወጉ፣ ራሳቸውን እንኳ ክሃር በላተኞች ይላሉ። እኔ አልለመድኩትም፣ ሳሙና ሳሙና አለኝ፣ ለባይዴው እንዳትነግሯት።

ጿሚ ከሆናችሁ መጀመሪያ የምታስፈልጋችሁ ዓረፍተ ነገር ይቺ ናት፣ "ሞይ ማንግኾ ናክሃኦ"፣ ስጋ አልበላም። ማንግኾን አውጥታችሁ ኮኒ ወይ ጋክሂር ተኩበት። ማስን ትተኩ አትተኩ የናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው፣ እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም።

ጎረቤት የሌላችሁ ጉግል ትራንስሌት ላይ አሳምኛ ታገኛላችሁ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ከኦሮምኛና ከትግርኛ ጋር በአንድ ዙር ነው የገባው፣ ቤንጋሊ መርጣችሁ እንዳትሸወዱ ብቻ፣ ጽሑፋቸው በጥቂት ፊደል ካልሆነ አይለይም። አሳም ያለ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ በቴሌግራም ቮይስ አስልኩት፣ ኸውን በጆሮ ካልሰማችሁት አይያዝም።

ማዕድ ላይ ከተቀመጣችሁ "ቦር ኹዋድ" በሉ፣ በጣም ይጥማል። ሲበቃችሁ "ፔት ብሆሪል"፣ ሆዴ ሞላ፣ ከዛ "አሩ ናላጌ"፣ ተጨማሪ አልፈልግም። እኔ ትናንት ሁለቱንም አከታትዬ ጥርት አድርጌ ብያለሁ፣ ባይዴውም "ክሃባ፣ ክሃባ" እያለች ሌላ ጭልፋ ብሃት ደፋችብኝ።