የሥራ ጉዞ ሲሰረዝ እና ባዶውን ቀን በሙዚቃ ፍለጋ ስንሞላ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ለሁለት ሳምንት የሥራ ሥልጠና ወደ ፓሪስ ልሄድ ቪዛዬ ፓስፖርቴ ላይ ተለጥፎ፣ ሻንጣዬም ተዘግቶ ሳለ፣ ለበረራው ሁለት ቀን ሲቀረው ሥልጠናው መሰረዙን የሚገልጽ የአራት መስመር ኢሜይል ደረሰኝ። ሥራዬን ለባልደረባዬ አስረክቤ ስለ ነበር አለቃዬ ቀኖቹን ከዓመት ፈቃዴ እንድወስዳቸው ፈቀዱልኝ። ከሥልጠናው በሚተርፈኝ ሰዓት፣ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጹ ሙዚቃዎችን ሸክላ በፓሪስ መደብሮች ለመፈለግ ዐቅጄ ነበር፤ የዚያን ዘመን ሙዚቃችንን ከሀገር ውጭ በሰፊው ያስተዋወቀው፣ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰባሳቢነት የተዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ የሲዲ ስብስብ የሚታተመው በዚያችው ከተማ ነውና። መንገዱ ሲቀር ፍለጋውን ቤቴ ተቀምጬ በኢንተርኔት አካሄድሁት። ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ በእነዚያ ቀናት እኔው የሠራኋቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ዜናውን ለብቻ ይዞ መቆየት ነው። ከእኛ ሀገር ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የራሱን ዕቃ ብቻ ይዞ አይሄድም፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹና ቡናው የሰው አደራ ነው። እኔም የሦስት ቤተሰብ አደራ ተቀብዬ ነበር። መቅረቴን መናገር አሳፍሮኝ አራት ቀን ሳዘገይ፣ ከመካከላቸው አንዲት እናት በዚያው ሳምንት ወደ ፓሪስ በሄደ ሌላ መንገደኛ ለልጃቸው መላክ ሲችሉ ዕድሉ አመለጣቸው። እስካሁን ይቆጨኛል። ጉዞው የተሰረዘበት ሰው ጥፋተኛ አይደለምና በዚያው ቀን ስልክ ይደውል፤ አደራውንም ለባለቤቱ ይመልስ።

ሁለተኛው ትኬቱን «ከእንግዲህ ምን ያደርጋል» ብሎ መተው ነው። መንገደኛው ሳያሳውቅ ከበረራው ከቀረ፣ ብዙ ዓይነት ትኬቶች ከመነሻው ሰዓት በኋላ ዋጋቸውን በሙሉ ወይም በከፊል ያጣሉ፤ ደርሶ መልስ ከሆነም የመመለሻው ወንበር ብዙውን ጊዜ አብሮ ይሰረዛል። ስለዚህ ትኬቱን የገዛው መሥሪያ ቤቱም ይሁን ጋባዡ ድርጅት፣ ከመነሻው ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የጉዞ መሰረዝንና የበረራ መሰረዝን ያደባልቃል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለመንገደኞች የተደነገገው ካሳ አየር መንገዱ ራሱ በረራውን ሲሰርዝ ወይም እጅግ ሲያዘገይ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ስብሰባው ወይም ሥልጠናው ስለ ቀረ ያልሄደ ሰው በዚያ ሕግ ሊጠይቅ የሚችለው ነገር የለም። የሸንገን ቪዛም እንዲሁ በተጻፈበት ቀን የተወሰነ ነው። ሥልጠናው ከዚያ ቀን በኋላ ወደሚውል ጊዜ ከተዛወረ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ግድ ይላል፤ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ የሆነውም የማመልከቻ ክፍያ ጉዞው ቀረ ተብሎ አይመለስም። አዘጋጆቹ «በቅርቡ አዲስ ቀን እናሳውቃለን» ካሉ፣ የአዲሱን ማመልከቻ ወጪ ማን እንደሚሸፍን ወዲያውኑ በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው በወዳጅ አፍ የሚመጣ ስህተት ነው፤ ይኸውም ዜናው በተሰማበት ቀን «ለበጎ ነው» ማለት። ተናጋሪው ለማጽናናት እንደሚለው አውቃለሁ፤ ሆኖም ወራት የተዘጋጀበት ነገር በአንድ ቀን የፈረሰበት ሰው መጀመሪያ ማዘኑ ሊፈቀድለት ይገባል። ይህን ያስተማረኝ በዚያ ሳምንት ደጋግሜ የሰማሁት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ውስጥ ተወልደው በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን የተማሩት እኒህ ሴት፣ ወጣት ሳሉ ለንደን ሄደው ሙዚቃ የሚማሩበት ዕድል ተሰጥቷቸው፣ የመሄጃ ፈቃድ ስለ ተከለከሉ ቀሩ። ሐዘኑ ጸንቶባቸው ምግብ እስከ መተው ደረሱ። ከዚያ በኋላ መነኮሱ፤ በወሎ በግሸን ማርያም ገዳምም ዓመታት ኖሩ። ወደ ፒያኖው የተመለሱት ከዚያ ሁሉ በኋላ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ታትሞ ገቢው ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ ዋለ። ኋላ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። የለንደኑ መንገድ መዘጋቱ ለበጎ ነበር ለማለት እኔ አልደፍርም፤ ሙዚቃቸው ውስጥ የምሰማው ግን ሐዘኑን ያልካደ ሰው ዝግታ ነው። የእኔ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ከእርሳቸው ዕጣ ጋር አይነጻጸርም፤ ቢሆንም በሁለተኛው ቀን ማታ ያን ፒያኖ ስሰማ ሻንጣዬን ለመፍታት ተነሣሁ።

አራተኛውና ከሙዚቃ ፍለጋ ጋር በቀጥታ የተያያዘው ስህተት፣ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ መተግበሪያው ራሱ የሚያስከትለውን እየሰሙ ሰዓቱን ማሳለፍ ነው። አልጎሪዝሙ የሚያቀርብልን፣ እኛ የሰማነውን የሰሙ ሌሎች ሰዎች ቀጥለው የሰሙትን ነው። በድሮው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ረገድ ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ የውጭ ሀገር ሰብሳቢዎች ስለሆኑ፣ ከሙላቱ አስታጥቄ አንድ የቫይብራፎን ሥራ የተነሣ ሰው ቀኑን ሙሉ በዚያው የኢትዮ ጃዝ ክበብ ውስጥ ሲሽከረከር ይውላል፤ በገናውም፣ የአዝማሪው መሰንቆም፣ የካሴት ዘመን ዘፈኖችም ሳያገኙት ይመሻል። እኔ ሦስት ቀን እንዲህ አለፈብኝ፤ ሲመሽ የሰማሁትን አንዱንም በስሙ መጥራት አልቻልሁም። ከዚህ የሚያወጣው መንገድ ከዘፋኙ ይልቅ አጃቢውንና አቀናባሪውን መከተል ነው። ለምሳሌ ከማሕሙድ አሕመድ ተነሥቶ ያጀበውን አይቤክስ ባንድን፣ ከአይቤክስ ቤዝ ተጫዋቹን ጆቫኒ ሪኮንና ጊታሪስቱን ሰላም ሥዩምን፣ ከእነርሱም ኋላ የሠሩበትን ሮሃ ባንድን የተከተለ ሰው፣ ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ እስከ ደርግ ዘመን ካሴቶች ድረስ በአንድ ክር ይጓዛል፤ አንድ የጊታር አመታት ከዘፋኝ ወደ ዘፋኝ ሲሻገርም በጆሮው ያውቀዋል።

አምስተኛው ስምን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ መፈለግ ነው፤ ይህ ብዙ ሀብት ያሳጣል። በፊደላችን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አንድ ድምፅ ስላላቸው፣ አንዱ «ማሕሙድ» ብሎ የጫነውን ሌላው «ማህሙድ» ወይም «ማሙድ» ይለዋል፤ «ጽጌ» ብሎ የፈለገ ሰውም «ፅጌ» ተብሎ የተመዘገበውን ላያገኝ ይችላል። በላቲን ፊደል ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ በፓሪሱ ስብስብ ውስጥ ስሞቻችን የተጻፉት በፈረንሳይኛ የንባብ ልማድ፣ በአናባቢዎቹ ላይ ጭረት እየተደረገ ስለሆነ፣ የጥላሁን ገሠሠም ሆነ የጌታቸው መኩሪያ ስም እኛ በእንግሊዝኛ ልማድ ከምንጽፈው በእጅጉ ይለያል። አንድ ስም ሲፈልጉ ሦስት አራት አጻጻፎችን ወረቀት ላይ አስቀድመው ይዘርዝሩና በየተራ ይሞክሩ። እኔ እንዲህ ባደረግሁበት ቀን ያገኘሁት ሙዚቃ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ካገኘሁት ይበልጣል።

ስድስተኛው ዓመተ ምሕረትን አለመለየት ነው። አንድ ቅጂ ላይ «1967» ተብሎ ቢጻፍ የማን አቆጣጠር ነው? በእኛ ከሆነ ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት፣ ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የምሽት ክበቦች ጸጥ ያሰኘበት ዓመት ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ ግን እነዚያ ክበቦች ገና እየደመቁ የነበሩበት ጊዜ ነው። ሙዚቃው የተሠራበትን ዓለም የሚለይ ልዩነት ነውና በሸክላው ላይ የተለጠፈው የአሳታሚ ምልክት በፎቶ ከታየ እርሱን መመልከት ይጠቅማል። አምኃ እሸቴ የመሠረቱት አምኃ ሪከርድስ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969፣ ያቆመውም በ1975 ስለሆነ፣ የዚህ አሳታሚ ምልክት ያለበት ሸክላ ሁሉ በእነዚህ ዓመታት መካከል ይወድቃል፤ ቪዲዮውን የጫነው ሰው ሌላ ዓመት ቢጽፍም የሚታመነው ምልክቱ ነው።

የስልክ ድምፅ ማውጫን ስለ መጠቀም ብዙ ማለት አያስፈልግም። በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ አውታሮቹ ከድልድዩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ በሚገባው ቁራጭ ቆዳ የተነሣ የሚንጫረር፣ እጅግ ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው፤ ያንን ዝቅተኛ ድምፅ ትንሿ ስልክ ማውጣት አትችልም። ርካሽም ቢሆን የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ። ዳታ ለመቆጠብ ደግሞ ድምፁን ብቻ የሚያጫውት መተግበሪያ ይምረጡ፤ በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ሙዚቃ 70 ሜጋባይት ገደማ ሲወስድ፣ ቪዲዮው ብዙ እጥፍ ይወስዳል።

የመጨረሻው ስህተት ኢንተርኔቱ ሁሉንም ይዟል ብሎ ማመን ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ኪቦርዶች የቀረጹት ካሴት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚደመጠው፣ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ስለ ታተመ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሙዚቀኛው በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ነበር። ይህን ሳነብ የእናቴ የሳሎን ቁም ሣጥን ትዝ አለኝና በእረፍቴ በዘጠነኛው ቀን ሄጄ አስከፈትኋቸው። ከሠላሳ በላይ ካሴት ወጣ፤ ከእነዚያ ሁለቱን በየትኛውም አጻጻፍ ብፈልግ ኢንተርኔት ላይ አላገኘኋቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለማጫወት አይቸኩል። ለዓመታት ያልተጠረገ ማጫወቻ ክሩን ጎትቶ ሊበጥሰው ይችላል፤ አንዴ የተበላሸ ክር ደግሞ ምትክ የለውም። መጀመሪያ የሽፋኑን ፊትና ጀርባ ፎቶ ያንሡ፤ የአጃቢዎቹና የአቀናባሪው ስም ብዙውን ጊዜ በትንንሽ ፊደል ውስጠኛው እጥፋት ላይ ነው። ቀጥሎ ካሴቱን ቴፕ ለሚጠግን ባለሙያ ወስደው፣ ማጫወቻው ከተጠረገ በኋላ፣ ከመጀመሪያው መጫወት ጋር አብሮ ወደ ኮምፒውተር እንዲቀዳ ያድርጉ።