«አንበሳው ጋ እንገናኝ» አትበሉ፦ መሃል አዲስ አበባን ስናስጎበኝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ይህን ያስጻፈኝ ያለፈው ቅዳሜ ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የሰማሁት ነገር ነው። አንድ ወጣት አምስት እንግዶች አስከትሎ ሐውልቱን እያሳየ «ይሄ ጣሊያንን ያሸነፍንበት ነው» አላቸው። እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ተሰለፉና ሁለት ጣታቸውን ቀስረው እየሳቁ ፎቶ ተነሡ። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩአቸውና «ልጆቼ፣ እዚህ አይሳቅም እኮ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ልጁ ምን እንዳሉ እንኳ አልገባውም።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት እንግዳ ሳዞር ኖሬያለሁ፤ ይህንን ስህተት ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። የምጽፈው ለጀማሪ አስጎብኚዎች ብቻ አይደለም። ከውጭ የመጣ የአክስቱን ልጅ ወይም ለሕክምና ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመዱን «ና ከተማውን ላሳይህ» ብሎ ይዞ የሚወጣ ሁሉ ያንብበው።

ሁለቱን ኪሎ ማምታታት

ከዚሁ ልጀምር፣ ካልወጣልኝ ሌላውን አልጽፍም።

አራት ኪሎም ስድስት ኪሎም አደባባዩ መሃል ረጅም ሐውልት አለ። ሁለቱም ከጣሊያን ወረራ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚኒባስ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቢበዛ አሥር ነው። መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል፤ የቀረው ሠርግና ለቅሶ ነው።

የአራት ኪሎው የሚያዝያ 27 ነው፣ የድል። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው የገቡት ደግሞ በአምስተኛው ዓመት በዚያችው ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ አርበኞች ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ ጎፈራቸውን ደፍተው የሚሰበሰቡት እዚህ ነው። እዚህ ሳቁ፣ ከፈለጋችሁም ፎክሩ።

የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት የከተማው ሰው በየደጁ ተጨፈጨፈ፣ ቤቱም ከነነፍሱ ነደደ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ዩጎዝላቪያዊዎቹ ቀራጮች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ይህንን ሁሉ በነሐስ ቀርጸው በሐውልቱ ዙሪያ አድርገውታል፤ የተገደለው አለ፣ የሚያለቅሰው አለ። አንድ ሰው ያንን እያየ እንዴት «ድል» ይላል? አላየውማ! ከመኪና ወርዶ፣ አደባባዩን ተሻግሮ፣ ሐውልቱን አንድ ጊዜ ዞሮት አያውቅም። ከሌላ አስጎብኚ የሰማውን ነው የሚደግመው፤ ያ ሌላውም ከሌላ ሰምቶ።

የኔ ልማድ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ አራት ኪሎ ነው። ታሪኩም እንደዚያ ነው የመጣው፣ መንገዱም ቁልቁለት ነው። በመሃል ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብቼ ሙዚየሙ ፊት ለፊት ያለውን የትም የማያደርስ ደረጃ አሳያቸዋለሁ። ፋሺስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን በደረጃ እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ከነጻነት በኋላ ደረጃውን ማፍረስ አላስፈለገም፣ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና አለቀ። ይህን ስነግረው ያልሳቀ እንግዳ እስካሁን አልገጠመኝም። ስድስት ኪሎ መሳቅ ካማራችሁ፣ ቦታው ይህ ነው።

«አንበሳው ጋ እንገናኝ»

የትኛው አንበሳ? ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥና በዓል ሰሞን የቆመ ነው፤ ጣሊያን ነቅሎ ሮም የወሰደው፣ ኋላም የተመለሰው፣ የዘርዓይ ደረስ ስም ሲነሣ አብሮ የሚነሣው። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው ደግሞ ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ለንጉሡ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል፣ በ1948 ዓ.ም.፣ የሠራው የድንጋይ አንበሳ ነው። አንበሳ ግቢ ስድስት ኪሎ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። አንበሳ አውቶቡስንም ጨምሩበት።

አንዴ ድሬዳዋ ተወልደው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ላይ የሠሩ አባት፣ ልጃቸው ከካናዳ ደውላ «አባቴን አዙርልኝ» ብላኝ ነበር። ጠዋት በስልክ «ጋሼ፣ አንበሳው ጋ ይጠብቁኝ፣ ደረስኩ» አልኳቸው። ብሔራዊ ጋ ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። ስልካቸው አይነሣም። ልጅቷ ከካናዳ በየአምስት ደቂቃው ትደውላለች፣ እዚያ ሌሊት ነው። በመጨረሻ ቁልቁል ወደ ለገሃር ስሮጥ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ለውዝ እየፈለፈሉ አገኘኋቸው። ይቅርታ ስለምናቸው «ልጄ፣ ለባቡር ሰው አንበሳ አንድ ነው፤ ያኛው ድንጋይ ነው» አሉኝ። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያው ማለት፤ እሳቸው ሌላ አንበሳ ከየት ያመጣሉ?

ከዚያ ወዲህ ለማንም «አንበሳው» አልልም። «ለገሃር» ወይም «ብሔራዊ»፣ ሌላ የለም።

ዓመተ ምሕረቱን አለመለየት

ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ፤ እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይሞቃል። በመጀመሪያ ዓመቴ ምኒልክ አደባባይ ላይ ቆሜ ለስምንት የውጭ እንግዶች ዓድዋን በሙሉ ወኔ ተረክሁ፤ «በ1888» አልኩ። ሁሉም ጻፉ። መኪና ውስጥ ስንገባ አንዲት አዛውንት፣ ኋላ እንደሰማሁት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርት፣ በጣም በትሕትና «በ1888 ንጉሠ ነገሥቱ ዮሐንስ አልነበሩም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። በእሳቸው አቆጣጠር ልክ ናቸው፤ በዚያ ዓመት አፄ ዮሐንስ በሕይወት ነበሩ። የኛ የካቲት 23 ቀን 1888 የእነሱ 1896 ነው። ይህንን ለማለት አሥር ቃል ይበቃ ነበር፣ እኔ ግን ላብ ሲያጠምቀኝ «በኛ መጽሐፍ እንደዚያ ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ የነገርኳቸውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሰሙኝ፣ እውነት የነበረውንም ጭምር።

ስለዚህ ለውጭ ሰው በእነሱ፣ ለአገር ሰው በኛ ተናገሩ፤ ሁለቱን ከጠራችሁ ደግሞ የትኛው የማን እንደሆነ ሳትናገሩ አትለፉ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት መሆኑን የሚረሳ ካለ መዳፉ ላይ ይጻፍ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ «በሁለት ሰዓት እመጣለሁ» ብያት ጠዋት ሆቴሏ በር ላይ የቆምኩላት እንግዳ ከሰዓት በኋላ ተዘጋጅታ ወርዳለች።

የምኒልክን ሐውልት ፎቶ አንሥቶ ማኪያቶ ፍለጋ መሄድ

ይህንን የሚያደርጉት በተለይ ዘመድ የሚያዞሩ ሰዎች ናቸው። ፈረሱ ያምራል፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ከዚያ ኬክ ቤት። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በኃይለ ሥላሴ ንግሥና ዋዜማ ተመረቀ፤ ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። የተሸነፉበትን ንጉሥ ሐውልት እንኳ ቆሞ ማየት አልቻሉም ማለት ነው። ይህንን ሳይሰማ የሚመለስ እንግዳ ያየው ፈረስ ነው።

ጥቂት እርምጃ ብትሄዱ ስምንት ማዕዘኑ ጊዮርጊስ አለ። ታቦቱ ዓድዋ የዘመተ፣ ዘውዲቱም ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑበት ነው። በሌላው አቅጣጫ አቡነ ጴጥሮስ አሉ፤ ለከተማው ባቡር መንገድ ተብሎ ሐውልታቸው ተነሥቶ ነበር፣ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። ከ2005 በፊት ከአገር የወጣ ሰው «ጴጥሮስን አነሡት አይደል?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ወስዳችሁ አሳዩት። የዓድዋ ድል መታሰቢያም ከ2016 ጀምሮ እዚያው ነው። ፒያሳ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ማኪያቶው የትም አይሄድም።

ድንቅነሽን «አጥንቷ ይኸው» ማለት

ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። ሳይገቡ በፊት ንገሯቸው። ራሳቸው ከደረሱበት የቀረውን ሁሉ ቅጂ ነው ብለው ነው የሚያዩት። «የመጀመሪያዋ ሰው» አትበሉ፤ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ ሌላዋ ጥንታዊ ቅሪተ አካል አርዲ ግን 4.4 ሚሊዮን።

አፍሪካ አዳራሽንና አፍሪካ ኅብረትን መደባለቅ

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ ነው፤ ከመስቀል አደባባይ ከፍ ብሎ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ግቢ ውስጥ። ቻይና ሠርታ በ2004 ዓ.ም. ያስረከበችው ረጅሙ ሕንፃ ፊት ቆሞ «እዚህ ተመሠረተ» የሚል አስጎብኚ ብዙ ነው። ያ ቦታ በዚያን ጊዜ ዓለም በቃኝ ነበር፣ እስር ቤት። ይህንን ብቻ ብትናገሩ እንግዳችሁ ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ያየዋል። ቁመቱ 99.9 ሜትር የሆነው ኅብረቱ እንዲቋቋም ሊቢያ፣ ሲርት ከተማ ላይ የተወሰነበትን ቀን፣ በፈረንጆቹ 9/9/99ን፣ ለማሰብ ነው።

አፍሪካ አዳራሽ ግን በድንገት ሄዳችሁ የምትገቡበት አይደለም። ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ፓስፖርት አስይዙ። የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል፣ 150 ካሬ ሜትር ነው፣ ፀሐይ ከጀርባው ስትመታው ያየ ሰው ስለ መጉላላቱ ይቅር ይላችኋል።

አጫጭሮቹ

ትግላችን ሐውልትን «የደርግ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ በሶማሊያው ጦርነት ለሞቱ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን የቆመ ነው፣ ከኩባ የመጣ እንግዳ ካላችሁ ከሁሉም በፊት እዚያ ውሰዱት። ቤተ መንግሥት አጥር ላይ ካሜራ አታንሡ፣ ወታደሩ ከእንግዳው በፊት እናንተን ነው የሚይዘው። ሥላሴ ጫማ እንደሚወለቅ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ የተቀደደ ካልሲ ስንቱን አሳፍሯል። ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ሴባስቶፖል አምሳያው ነው፣ ዋናው መቅደላ ነው ያለው። «በአፍሪካ ትልቁ» የሚለውን ሐረግ ለአንድ ወር ጹሙት። ከዱባይ ለመጣ የአክስት ልጅ ደግሞ የንግድ ባንክን 209 ሜትር ሕንፃ በኩራት አታሳዩት፤ እሱ አንገቱን ቀና ሳያደርግ «ጥሩ ነው» ይላችኋል፣ እናንተም ትናደዳላችሁ።

ቀድሞ ሳያዩ መሄድ

በ2016 ዓ.ም. መሃል ፒያሳ ብዙ ፈርሷል። ባለፈው ዓመት ያየሁት ነው ብላችሁ አትተማመኑ፤ እንግዳ ከመያዛችሁ በፊት በዋዜማው በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። እኔ ራሴ የምመክረውን አላደረግሁም።

ሠላሳ አራት ዓመት አሜሪካ የኖሩ አንድ ሰው «ሐውልቱን ሁሉ አየሁት፣ አሁን የተወለድኩበትን አሳየኝ» አሉኝ። ዶሮ ማነቂያ። እንደፈረሰ ሰምቻለሁ፣ ግን የሆነ ግድግዳ፣ የሆነ ዛፍ አይጠፋም ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። ሰፊ አስፋልት ነው፣ አዲስ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት። ግድግዳ የለም። ምን እንደምላቸው ጠፋኝና «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አስቀድሜ መምጣት ነበረብኝ» አልኩ። አልመለሱልኝም። ዙሪያውን ሲያዩ ቆዩና የማዘጋጃ ቤቱን ግንብ አገኙት። ወደ ግራ ተራመዱ፣ ቆሙ፣ ቀና ብለው ግንቡን አዩ፣ አሁንም ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሱ።

«ከደጃችን ሰዓቱ በጎረቤት ጣሪያ ላይ ይታይ ነበር» አሉኝ። «እናቴ እሱን እያየች ነው ወደ ትምህርት ቤት የምታባርረን።»

ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ሄደው ጫማቸውን አስፋልቱ ላይ አስተካከሉና «እዚህ» አሉ። ከዚያ ስልካቸውን ሰጡኝ፣ ፎቶ እንዳነሣቸው። ግንቡ ከጀርባቸው እንዲገባ ነገሩኝ።