ሐሳቡ ቶሎ ለሚበታተን ሰው፦ በድሬዳዋ ሙቀት ትኩረትን ሰብስቦ ማጥናት

መጀመሪያ ሰዓት ምረጡ። በድሬ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ወርቅ ነው፤ አየሩ ገና አልጋለም፣ የባጃጁም ጥሩምባ አልበዛም። ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ከተማው ራሱ ጥላ ፍለጋ ይገባል፤ ያን ጊዜ ከባድ ነገር ለማንበብ መታገል ልፋት ነውና ለእረፍት ተዉት።

ስልኩን ሳይለንት ማድረግ አይበቃም። ጠረጴዛ ላይ ካለ እጅ ሳይታሰብ ይሄድበታል። ሌላ ክፍል አስቀምጡት፤ ያላችሁ አንድ ክፍል ከሆነ አጥፍታችሁ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ሥር ክተቱት። ሰዓት በእጅ ሰዓት ተቆጣጠሩ።

25 ደቂቃ ሠርታችሁ 5 ደቂቃ እረፉ። 25 ከከበደ በ10 ጀምራችሁ በየሁለት ሦስት ቀኑ 5 ጨምሩ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው «ዛሬ ኬሚስትሪ አጠናለሁ» ብሎ ሲቀመጥ ነው፤ ከየት እንደሚጀምር ስለማያውቅ ልቡ ማምለጫ ይፈልጋል። «ገጽ 42 ላይ ያሉትን 4 ጥያቄዎች» ብላችሁ ለዩት።

ከደብተሩ ጎን ብጣሽ ወረቀት ይኑር። ሌላ ሐሳብ ሲመጣ አትታገሉት፤ የግራ እጃችሁን ጣት ያቆማችሁበት መስመር ላይ አድርጋችሁ በቀኝ እጃችሁ «ካርድ መሙላት»፣ «እማዬ ጋ መደወል» ብላችሁ በሁለት ቃል ጻፉና ከጣታችሁ ሥር ቀጥሉ። ያልተጻፈ ጉዳይ እንዳይረሳ እየተባለ ደጋግሞ ይመጣል።

ከክንዳችሁ ሥር ትንሽ ፎጣ አንጥፉ፤ በላብ የሚጣበቅ ደብተር በየደቂቃው ያቋርጣል። ውሃም አጠገባችሁ ይሁን።

እረፍቱ ላይ ቴሌግራም ከተከፈተ 5 ደቂቃው 40 ይሆናል። ተነሡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ በር ላይ ቁሙ።

ስለ ጫት በግልጽ እንነጋገር። በውስጡ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ስለሆነ ምርቃናው ላይ ሐሳብ የተሰበሰበ ይመስላል። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ይነሳል፤ በማግስቱ ድካሙና ሐራራው ያንን ወርቅ ጠዋት ይበላዋል። እንቅልፍ ላጣ ሰው ከላይ የተባለው ሁሉ ብዙም አይሠራለትም።

ሐሳብ የመበታተኑ ችግር ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ጀምሮ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም እየታየ፣ ከ6 ወር በላይ ከዘለቀና ኑሮን ካወከ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ሐኪም ይየው። በተለይ በዝምታ የሚፈዙ ሴት ልጆች ክፍል ስለማይረብሹ ይታለፋሉ፤ «ሰነፍ» ተብለው ከመወቀሳቸው በፊት ይመርመሩ።