መሣሪያ በግልጽ ታጥቀው ሳለ የአሜሪካ ፖሊስ ቢያስቆምዎ፦ መብትዎን እንዴት ያስከብራሉ?

ከቨርጂኒያ ግዛቷ አርሊንግተን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሽጉጡን ወገቡ ላይ በግልጽ የታጠቀ ሰው ግን በእነዚያው ደቂቃዎች ከሰላማዊ መንገደኛነት ወደ ወንጀል ተጠርጣሪነት ሊሸጋገር ይችላል። በቨርጂኒያ ከተወሰኑ ቦታዎች በስተቀር ሽጉጥን በግልጽ መታጠቅ የተለየ ፈቃድ አይጠይቅም፤ በዲሲ ግን ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ መሣሪያውን ከዓይን ሰውሮ እንጂ በግልጽ መያዝ አይችልም፤ ሜሪላንድም ብትሆን የቨርጂኒያን ፈቃድ አትቀበልም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት፣ ገና ከቤት ሳይወጡ የሚወሰድ ነው። የሚሄዱበትን ግዛት ሕግ ከግዛቱ ፖሊስ ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ፤ ሕጉ ቶሎ ቶሎ ስለሚሻሻል «ጓደኛዬ እንደዚህ ብሎኛል» ማለት አያድንም።

ቀጥሎ መሣሪያውን ለመያዝ ራስዎ የተፈቀደልዎ ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው ግን፣ የአደን ፈቃድን ከመሳሰሉ ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ተከልክሏል። ዜግነት ያላገኘ አንባቢ ከዚህ ሁሉ በላይ ሊያጤነው የሚገባው ነገር አለ፦ የጦር መሣሪያ ሕግን በመተላለፍ የሚሰጥ የጥፋተኝነት ፍርድ፣ ቅጣቱ ትንሽ ገንዘብ ቢሆን እንኳ፣ ከአገር ለመባረር በቂ ምክንያት ይሆናል። በዚህ አጋጣሚ በእኛ ዘንድ ብዙ የማይነገረውን ልጥቀስ፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉ ዕፆች የመጀመሪያው መደብ ውስጥ የተመዘገበ ስለሆነ፣ ጫትና ሽጉጥ በአንድ መኪና ውስጥ መገኘታቸው አንዱን ጣጣ ሁለት ያደርገዋል።

በእግር ሲሄዱ ፖሊስ ቢያስቆምዎ መብትዎ ያለ በቂ ምክንያት መያዝንና መፈተሽን ከሚከለክለው ከሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ ይመነጫል፤ ይህ ጥበቃ ለዜጎች ብቻ የተሰጠ አይደለም። ከ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጠቅላይ ፍርድ ቤት «ቴሪ» የተባለ ፍርድ ወዲህ ፖሊስ አንድን ሰው ለአጭር ጊዜ አስቁሞ ለመያዝ በቃል ሊያስረዳው የሚችል ምክንያታዊ ጥርጣሬ ያስፈልገዋል። መሣሪያ በግልጽ መታጠቅ በተፈቀደበት ግዛት መታጠቁ ብቻውን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አይሆንም። ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን የሚያጠቃልለው የአራተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2013 ይህንኑ ወስኗል፤ በ2015 ደግሞ የስድስተኛው ምድብ ፍርድ ቤት፣ ሽጉጡን በወገቡ ታጥቆ በኦሃዮ ቶሌዶ ከቤተሰቡ ጋር ውሻ ሲያንሸራሽር ስለተያዘ ሰው በተነሳ ክርክር ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥቷል። ስለዚህ በረጋ ድምፅ «አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?» (መሄድ እችላለሁ?) ብለው ይጠይቁ፤ «አዎ» ከተባሉ ቀስ ብለው ይሂዱ፤ «አይ» ከተባሉ ተይዘዋልና ባሉበት ይቁሙ። ይሁን እንጂ ይኸው የአራተኛው ምድብ ፍርድ ቤት በ2017 እንደወሰነው፣ በሌላ ሕጋዊ ምክንያት ያቆመዎ ፖሊስ መታጠቅዎን ከጠረጠረ፣ ፈቃድ ቢኖርዎትም እንኳ ለደኅንነቱ ሲል ከልብስዎ በላይ ዳብሶ ሊፈትሽዎ ይችላል።

በመኪና ውስጥ ሲሆኑ ነገሩ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአገራችን ትራፊክ ሲያስቆመን ብዙዎቻችን ወርደን፣ አንገታችንን ሰበር አድርገን፣ መንጃ ፈቃዱን በሁለት እጃችን እንሰጣለን፤ እዚህ ግን ሳይታዘዙ መውረድ እንደ ጥቃት ሙከራ ሊታይ ይችላል። መኪናውን ዳር ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ምሽት ከሆነ የውስጡን መብራት ያብሩ፣ መስኮቱን ዝቅ ያድርጉ፣ ከዚያም ሁለቱንም እጆችዎን መሪው ላይ አኑረው ይጠብቁ። ወረቀት ፍለጋ አይጎንበሱ። በ2016 በሚኒሶታ የተገደለው ፊላንዶ ካስቲል የመታጠቅ ፈቃድ ነበረው፤ መሣሪያ መያዙንም ለፖሊሱ በትሕትና ተናግሯል፤ ከዚያ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ ተተኮሰበት። አብራው የነበረችው ፍቅረኛው መታወቂያውን ሊያወጣ ነበር ስትል፣ ፖሊሱ ሽጉጥ ሊመዝ መስሎኝ ነው አለ፤ በ2017ም በነፃ ተሰናበተ።

ከዚህ የምወስደው ቅደም ተከተሉን ነው፦ በመጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ቃል፣ በመጨረሻ ወረቀት። የእንግሊዝኛ አነጋገራችን ሲጣደፍ ስለሚደነቃቀፍ፣ ፖሊሱ ሲቀርብ «ጋን» (ሽጉጥ) በሚለው ቃል ፈንታ ከፈቃዱ ይጀምሩ፦ «ኦፊሰር፣ አይ ሃቭ ኤ ፐርሚት ቱ ካሪ» (መሣሪያ የመታጠቅ ፈቃድ አለኝ)። መሣሪያው የት እንዳለ በእጅ ሳይጠቁሙ በቃል ይናገሩ፤ መንጃ ፈቃዱ ያለበትንም ኪስ ነግረው እስኪፈቀድልዎ ድረስ አይንቀሳቀሱ። በዲሲ ፈቃድ ይዞ የታጠቀ ሰው መታጠቁን የመናገር ግዴታ አለበት፤ በሌሎች ብዙ ግዛቶች ካልተጠየቀ አይገደድም፤ እኔ ግን ግዴታ ባይኖርም መናገሩን እመርጣለሁ። ፖሊሱ «ውረድ» ካለ ከ1977 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸና ሥልጣን ስላለው ይውረዱ። ሽጉጡን ልያዝልህ ካለም ራሱ ከአፎቱ ያውጣው፤ እርስዎ ልርዳ ብለው አይንኩት።

መታዘዝና መፍቀድ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «መኪናህን ብፈትሽ ችግር አለው?» ተብሎ በጨዋነት ሲጠየቅ፣ ሰው ላለማስቀየም «ችግር የለም» ማለት ይቀናናል፤ ይህቺ አንዲት ቃል መብትን አሳልፋ ትሰጣለች። «አይ ዱ ኖት ኮንሰንት ቱ ሰርች» (ለፍተሻ ፈቃደኛ አይደለሁም) ይበሉ፤ እምቢታዎን ችላ ብሎ ቢፈትሽ ግን በአካል አይከላከሉ፣ ተቃውሞዎ በቃል መነገሩ ለፍርድ ቤት ይበቃል። ከመታወቂያና ከፈቃድ ወረቀት ባለፈ ከየት ወዴት እንደሚሄዱ የመመለስ ግዴታ የለብዎትም፤ ሆኖም ዝም ማለት ብቻውን አያስጠብቅምና ዝም የማለት መብትዎን እንደሚጠቀሙ በግልጽ ይናገሩ።

ፖሊሱ መሣሪያውን ጥይቱን አራግፎ ሲመልስልዎ፣ ካዝናውን እዚያው ለመግጠም አይቸኩሉ፤ የፖሊሱ መኪና እስኪርቅ ይጠብቁ። ወዲያው ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የፖሊሱን የባጅ ቁጥርና የተባባሉትን ቃል በቃል ይጻፉ፤ ለቅሬታም ሆነ ለክስ መነሻው ይህ ነው። ክስ ከተመሠረተብዎና ዜጋ ካልሆኑ ደግሞ «አምነህ ቅጣቱን ክፈልና ይለቅ» የሚል ምክር ከመቀበልዎ በፊት፣ ጠበቃዎ የእምነት ቃሉ ከአገር ያስባርር እንደሆነ እንዲነግርዎ ይጠይቁ፤ ከ2010 የጠቅላይ ፍርድ ቤት «ፓዲያ» የተባለ ፍርድ ጀምሮ ይህን መንገር የወንጀል ጠበቃ ግዴታ ነው።