ኮዱን ብቻ አይታችሁ ሴንሰር አትግዙ

ጅማ ውስጥ ቼክ ኢንጂን የበራበት መኪና ጋራዥ ሲገባ ስካነር (የብልሽት ኮድ ማንበቢያ) ይሰካል፣ ፒ 0113 የሚል ኮድ ይወጣል፣ ወዲያው «የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ሄዷል፣ ግዛ» ይባላል። ዕቃው እዚህ ካልተገኘ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል። ከሁሉም የሚያስከፍለው ስህተት ይሄ ነው። ኮዱ የሚናገረው ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ሙቀት ስለሚለካው ስለዚህ ሴንሰር የኤሌክትሪክ መስመር በሙሉ ነው፤ ሴንሰሩ፣ ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም ጭምር ተጠርጣሪ ናቸው።

መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈቱ። የአየር ፊልትሮ ተቀይሮ ሶኬቱ ሳይሰካ የቀረበት፣ ወይም ላቫጆ ላይ ሞተር ታጥቦ ውሃ የገባበት መኪና ብዙ ነው።

ከዚያ ስካነሩ ላይ የሴንሰሩን የቀጥታ ንባብ እዩ። ይህ ሴንሰር ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመገደብ አቅሙ) ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ስለዚህ መስመሩ ሲቆረጥ ኮምፒውተሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያነባል፤ ሾርት ሲያደርግ ደግሞ 140 ገደማ። ንባቡ ከዜሮ በታች 40 ከሆነ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ በሽቦው በኩል ያሉትን ሁለቱን የሙቀት ሴንሰሩን መስመሮች በቀጭን ሽቦ አገናኙ። ቁጥሩ ወደ ላይ ከተተኮሰ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ሴንሰሩ ወይም የሶኬቱ ንክኪ ላይ ነው። ካልተነቃነቀ ጥፋቱ ሽቦው ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ አዲስ ሴንሰር ብትገዙም ለውጥ የለም። እዚህ ላይ አደራ፦ በብዙ ቪትዝና ኮሮላ ሴንሰሩ የአየር መጠን መለኪያው ውስጥ ስላለ ሶኬቱ አምስት ሽቦ አለው፣ አንዱም 12 ቮልት ይሸከማል። የትኛው የትኛው እንደሆነ በዲያግራም ሳታረጋግጡ ብታገናኙ ኮምፒውተሩን ልታቃጥሉ ትችላላችሁ።

ሌላው ስህተት በሞቀ ሞተር መፍረድ ነው። መንገድ ሄዶ የቆመ መኪና 50 ወይም 60 ዲግሪ ቢያሳይ ሴንሰሩ አልዋሸም፤ ኮፈኑ ስር ያለው አየር እውነትም ሞቋል። ትክክለኛው ሰዓት ማለዳ ነው። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ሳታስነሱ ቁልፉን ኦን አድርጉና ስካነሩ የሚያሳየውን የራዲያተር ውሃና የአየር ሙቀት አነጻጽሩ። ሁለቱም ከውጭው አየር ጋር መቀራረብ አለባቸው። ውሃው 14 ሲል አየሩ 35 ካለ፣ ኮድ ባይኖርም ሴንሰሩ አይታመንም።

ሬዚስታንስ ስትለኩ ቁልፉ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ይሁን። በ20 ዲግሪ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም ይጠበቃል። በፀጉር ማድረቂያ ስታሞቁት ቁጥሩ ሳይዘል ቀስ እያለ መውረድ አለበት።

በቤንዚን ማጠብና በኮምፕሬሰር መንፋትም ይቅር፤ አጠገቡ ያለው የአየር መለኪያ ስስ ሽቦ አይችለውም።

«መኪናው ደህና ይሄዳል፣ ተወው» የሚለውንም አልቀበልም። ቶዮታ ኮምፒውተር ሴንሰሩን ማመን ሲያቆም አየሩን 20 ዲግሪ አድርጎ ይገምታል። የጅማ አየር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ስለማይርቅ ሾፌሩ ምንም አይሰማውም። ጊቤ በረሃ ሲወርድ ግን ግምቱና እውነቱ ይራራቃሉ፤ የነዳጁና የካንዴላው እሳት ልክ ይዛባል። በተቃራኒው ዳገት ላይ የደከመን መኪና ሁሉ በዚህ ሴንሰር ማሳበብም ልክ አይደለም። እንደ ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ነው።

በመጨረሻ፣ ኮዱን አጥፍታችሁ ብቻ መኪናውን አትሸኙ። ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን ከሶኬቱ ጀምራችሁ በቀስታ አነቃንቁ፣ ዓይናችሁ ስካነሩ ላይ ይሁን። ንባቡ የዘለለበት ቦታ ላይ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ንክኪው ላልቷል።