ፓድ ላይ ድራም ስትደረድሩ ከጣታችሁ ጀምሩ

አቦ ፓድ (16 የጎማ ቁልፍ ያለው፣ ድራም በጣት የሚመታበት መሣሪያ) ገዝታችሁ ስትመቱት ኪኩ (በእግር የሚመታው ወፍራም ድራም) አንድ ጥግ ሃይሃቱ (ችክ ችክ የሚለው ጥንድ ሳህን) ሌላ ጥግ ሆኖ ጣታችሁ ከተጠላለፈ ጥፋቱ የናንተ አይደለም፣ ፋብሪካው ብዙ ጊዜ በኖት ቁጥር (እያንዳንዱ ድምጽ በሚጠራበት ቁጥር) ተራ ነው የሚደረድረው፣ ስለ እጅ ማንም አላሰበም።

አቆጣጠሩ አካይ ኤምፒሲ እንደሚባለው የፓድ ማሽን ከሆነ ፓድ 1 ታች በግራ ጥግ ነው፣ ወደ ቀኝ 4 ድረስ ቆጥራችሁ ወደ ላይኛው ረድፍ ትወጣላችሁ። አሁን ምንም ሳትነኩ ሁለት እጃችሁን ጣል አርጉበት። አውራ ጣቶች 2 እና 3 ላይ፣ ሌባ ጣቶች 6 እና 7 ላይ፣ የመሃል ጣቶች 5 እና 8 ላይ ያርፋሉ። እነዚህ ስድስቱ ናቸው ቤታችሁ፣ ሌላው እንግዳ ነው።

ኪክ 2ም 3ም ላይ። ሳምፕሉን (የተቀዳውን ድምጽ) ኮፒ አታርጉ፣ ሁለቱም ፓድ ኖት 36 እንዲልኩ አርጉና አለቀ። ስኔር (ጠሽ የሚለው ድራም) ኖት 38 ፓድ 6 ላይ፣ ሪምሾት (ስኔር ከነጠርዙ ሲመታ ያለው ድምጽ) ወይ ክላፕ (ጭብጨባ) ፓድ 5 ላይ። ዝግ ሃይሃት ኖት 42 ደሞ ፓድ 7 እና 8 ላይ፣ ለምን ሁለት ቦታ ካላችሁ ችክችካ ሞክሩ፣ ስድስት ቁጠሩና 1ን እና 4ን በሌባ ጣት፣ 3ን እና 6ን በመሃል ጣት ላላ አርጋችሁ ምቱ፣ በአንድ ጣት ግን ፈጠን ሲል እጅ ይደርቃል፣ ደሞ ሁሉም ምት እኩል ስለሚጮህ ማሽን ማሽን ይላል። ፉል ሌቭል የሚለው ቁልፍ ከበራ አጥፉት፣ በስሱም ብትመቱ የመጨረሻውን ጉልበት 127 ነው የሚልከው።

ክፍት ሃይሃት ኖት 46 ፓድ 12 ላይ፣ ከዝጉ ጋር አንድ ቾክ ግሩፕ (አንዱ ሲመታ ሌላው የሚቋረጥበት ቡድን) ውስጥ አስገቡት አለዚያ ዝጉን ስትመቱ ክፍቱ ሽሽሽ እያለ ይቀጥላል። ክራሽ (ትልቁ ሳህን) ፓድ 13 እና 16 ላይ። የቀሩት ላይ ከበሮም ቶምም እንደፈለጋችሁ፣ እኔ ሐረር ዚክር ላይ እንደሚመታው ካራቡ ከበሮ ያለ ወፍራም ድምጽ 10 ላይ አለኝ።

ድሬ ላይ ደሞ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ጣት ላብ ሲሆን ጎማው ያንሸራትታል፣ ፎጣ አጠገባችሁ ይኑር።

ኪት (የድራም ድምጾቹን ስብስብ) ስትቀይሩ ድምጹን ቀይሩ እንጂ ቦታውን አትንኩ። እኔ ለአንድ ዘፈን ብዬ ስኔሩን ከ6 ወደ 5 አዛውሬ ሴቭ አርጌ ረስቼው ሳቢያን ሰፈር አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ እስኪገቡ ድረስ ስኔር ባልኩ ቁጥር ክላፕ ስመታ ነበር፣ ሰዉ ሆን ብዬ መስሎት አብሮኝ ያጨበጭባል።