«ናል አይደለም» ማለት «ደህና ነው» ማለት አይደለም፦ በሲ ፖይንተር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አምስት ኪሎ ሲ ቋንቋ የሚጀምር ተማሪ ቶሎ የሚለምዳት መስመር አለች፦ ፖይንተሩ ናል ካልሆነ ተጠቀምበት። ፖይንተር የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ ነው፤ ናል ደግሞ «ወደ የትም አያመለክትም» የሚል ዋጋ። መስመሯ ትክክል ናት፤ የያዝነው አድራሻ እውነተኛ መሆኑን ግን አትነግረንም።

መጀመሪያ፣ ዋጋ ሳይሰጡ ማወጅ። በፈንክሽን ውስጥ የታወጀ ፖይንተር ዋጋ ካልተሰጠው ምን እንደያዘ አይታወቅም። ናል ስላልሆነ ብቻ ፍተሻውን አልፎ የማናውቀው ሜሞሪ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ግሎባል (ከፈንክሽን ውጭ የታወጁ) እና ስታቲክ የሆኑት በራሳቸው ናል ሆነው ይጀምራሉ፤ ግሎባሉን ስታቲክ ሳትሉ ወደ ፈንክሽን ውስጥ ስታዛውሩ ትናንት ይሠራ የነበረው ኮድ ዛሬ የሚበላሸው ለዚህ ነው። የሚይዘው አድራሻ ገና ከሌለ ናል ስጡት።

ከተጠቀሙ በኋላ መፈተሽም አለ። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር «ተጠቅሞበታል፣ ስለዚህ ናል ሊሆን አይችልም» ብሎ ፍተሻውን ሊሰርዘው ይችላል። በ2009 እ.ኤ.አ. በሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ባለው ቱን (TUN) በተባለ የኔትወርክ ድራይቨር ላይ የተገኘው የደኅንነት ክፍተት የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ሜሞሪ የሚጠይቀው ፈንክሽን ማሎክ ቦታ ካጣ ናል ይመልሳል፤ ወዲያው እዩት። መጠንን በባይት በሚነግረው ሳይዝኦፍ ውስጥ ፖይንተሩን ሳይሆን የሚያመለክተውን ነገር አስገቡ፤ አለበለዚያ በ64 ቢት ማሽን ላይ 40 ባይት ለሚፈልግ ስትራክት (የተለያዩ ዳታዎችን በአንድ የሚይዝ ዓይነት) 8 ባይት ብቻ ትጠይቃላችሁ። የተያዘውን ቦታ መጠን የሚቀይረው ሪአሎክ ደግሞ ሲያቅተው ናል ይመልሳል እንጂ የቀድሞውን ቦታ አይለቅም። ውጤቱን እዚያው ፖይንተር ላይ ከጻፋችሁት የቀድሞው አድራሻ ይጠፋል፣ ሜሞሪውም ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ተይዞ ይቀራል። በጊዜያዊ ፖይንተር ተቀበሉት፤ ናል ካልሆነ ብቻ ወደ ዋናው አዛውሩት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ሜሞሪው ፍሪ ከተደረገ (ከተለቀቀ) በኋላ ያለው ነው። ፒያሳ የፈረሰ ቤት ቁጥር ኪሱ የያዘ ሰው አስቡ፤ ወረቀቱ አልተለወጠም፣ ቤቱ ግን የለም፤ በቦታው ሌላ ተሠርቶበትም ሊሆን ይችላል። ፍሪም ሜሞሪውን ይለቃል እንጂ ፖይንተሩን አይነካም። ስለዚህ በሚቀጥለው መስመር ናል አድርጉት። ናልን ፍሪ ማድረግ ጉዳት የለውም፤ ያንኑ አድራሻ ሁለቴ ፍሪ ማድረግ ግን ሜሞሪውን ያበላሻል። አድራሻው ወደ ሌላ ፖይንተር ተገልብጦ ከነበረ ደግሞ ያኛው ናል አይሆንም። ይህን የሚይዝ የናል ፍተሻ የለም፤ የትኛው ፈንክሽን ቦታውን እንደሚለቅ ኮዱን ከመጻፋችሁ በፊት ወስኑ።

ስትለማመዱ ጂሲሲ (GCC) በተባለው ኮምፓይለር ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ ከፍታችሁ፣ የዲበግ መረጃና የሜሞሪ ስህተት የሚይዘውን አድሬስ ሳኒታይዘር ጨምራችሁ ኮምፓይል አድርጉ። የተለቀቀ ሜሞሪ ስትነኩ ፕሮግራሙ እዚያው ቆሞ የተነካበትን፣ የተለቀቀበትንና መጀመሪያ የተያዘበትን መስመር ያሳያችኋል።